ተሳቢዬ ጉዳት ቢያደርስ የምጠየቀው እኔ ነኝ ወይስ በያጁ?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። በፒክአፔ እህል እየጫንኩ ደሴ እመላለሳለሁ። ከኋላ የሚታሰር ተሳቢ ለማሠራት ከተገለበጠ መኪና የወጣ የኋላ አክስል (ሁለቱ ጎማዎች የሚታሰሩበት ብረት) ገዛሁ። በያጁ «የፒክአፑ ፍሬን ይበቃዋል» ይለኛል። አደጋ ቢደርስ ተጠያቂው ማነው?

መልስ፦ በተጎጂው ፊት ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው። «ጥፋት የለብኝም» ቢሉም አንቀጽ 2086 አይቀበልዎትም፤ ከኃላፊነት ነፃ የሚሆኑት ወይም ኃላፊነትዎ የሚቀንሰው ተጎጂው ራሱ ባጠፋው ልክ ነው። ሰው ከሞተ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543፣ በቸልተኝነት ሰው መግደል፣ ይመጣል።

እባክዎን የበያጁን ምክር አይስሙ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ከፍታው 600 ሜትር ያህል ይቀንሳል። ተሳቢው ከኋላ እየገፋ የፒክአፑ ፍሬን ብቻውን ሲይዝ የፍሬኑ ሸራ (ተፋትጎ ጎማውን የሚያቆመው ክፍል) ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ በሚፈለግበት ሰዓት ይከዳል። በአውሮፓ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። አምስት ኩንታል ከጫኑ ከብረቱ ክብደት ጋር እዚያው ይደርሳሉ። የገዙት አክስል የዘይት ፍሬኑ ካልተነቀለ ትልቅ ነገር ነው፦ ፒክአፑ ፍጥነት ሲቀንስ ተሳቢው በሚገፋው ኃይል ዘይቱን የሚጫን መጋጠሚያ ይገጠምለት። ድንገት ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚስብ ገመድና የደህንነት ሰንሰለትም ይኑረው። አክስሉ የወጣበት መኪና ስንት ኩንታል ይጭን እንደነበር ይወቁና ከዚያ አያሳልፉ። ቆርጦ ማሳጠርና መልሶ መበየድ የሚባለውንም እንቢ ይበሉ።

በያጁን እርስዎ መልሰው መክሰስ ይችሉ ይሆናል፤ ያ ግን በውላችሁ ይወሰናል። የቃል ውል ይጸናል፣ ጭንቁ ማስረጃው ላይ ነው። የሚጫነው ኩንታል፣ የአክስሉ ዓይነት፣ የፍሬኑ አሠራር በጽሑፍ ይስፈርና በምስክር ፊት ይፈረም። «ያለ ፍሬን ሥራልኝ» ብለው ራሳቸው ያዘዙ ሰው ግን በኋላ በበያጁ ላይ ጣት ቢቀስሩ ክርክሩ ይከብዳቸዋል።

ብረት ከመቆረጡ በፊት ንድፉን ይዘው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ያልተመረመረና ያልተመዘገበ ተሽከርካሪ መንገድ ላይ መውጣት አይችልም፤ ተሳቢም የራሱ ታርጋ አለው። የአክስሉን ግዢ ደረሰኝ ይያዙ፤ የተሰረቀ ዕቃ ሆኖ ቢገኝ ከየት እንዳመጡት የሚጠየቁት እርስዎ ናቸው። ለመድን ድርጅትዎም ተሳቢ መጨመርዎን በጽሑፍ ያሳውቁና የተቀበሉበትን ቅጂ ያስቀምጡ።