«ባትሪ አለ?» ብለሽ ብቻ አትለፊ

ጥያቄ፦ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው የምኖረው። የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ወር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንሽ እሳት ተነስቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ነዋሪው ለአደጋ ምን ያህል ዝግጁ እንደሆነ እንድለካ አዘዘኝ። መጠይቅ አዘጋጅቼ በየቤቱ በተንኩ። ከመለሱልኝ 40 ቤቶች 36ቱ «አዎ፣ ዝግጁ ነን» ብለዋል። እሳቱ በተነሳ ቀን ግን ግማሹ ሰው ቆሞ ሊፍት ሲጠብቅ በዓይኔ አይቻለሁ። የቱን ልመን? እባክዎ ይምከሩኝ።
ጸሐፊዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ዓይንሽን እመኚ። ጎረቤት በር አንኳኩቶ «ዝግጁ ናችሁ ወይ?» ሲል «አይ፣ ዝርክርክ ነን» የሚል ማን አለ?

እኔም ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት በየቤቱ እየዞርኩ መጠይቅ አስሞላ ነበር። አንዱ ጥያቄ «ቤትዎ ውስጥ ባትሪ አለ?» ይል ነበር። ሁሉም «አለ» ይላል፣ እኔም ምልክት አድርጌ አልፋለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት «አለ» ሲሉኝ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «እስቲ ያሳዩኝ» አልኳቸው። አንድ መሳቢያ ከፈቱ። ሌላም ከፈቱ። ልጃቸውን ጠሩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ባትሪው ከአልጋ ሥር ተገኘ፤ ድንጋዩ ውስጡ ፈስሶ ዝጓል። አብረን ሳቅን። ማታ ቤቴ ገብቼ የራሴን እሳት ማጥፊያ ሳየው፣ የመለኪያው ቀስት ከአረንጓዴው ወርዶ ቀዩ ላይ ተኝቷል። ስለ ዝግጁነት ሰው የምጠይቀው እኔ ነኝ እንግዲህ!

ስለዚህ «አለ ወይ?» ስትዪ «ያሳዩኝ» የሚለውን ጨምሪበት። ሰዓትም ያዢ። ሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልተገኘ፣ መብራት ጠፍቶ ጭስ ሲገባማ ጨርሶ አይገኝም።

«በእሳት ጊዜ ሊፍት መጠቀም አደገኛ ነው?» ብለሽም እንዳትጠይቂ። መልሱ ጥያቄው ውስጥ አለ። «አሁን ኮሪደሩ በጭስ ቢሞላ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?» በይና ዝም በይ። ዝምታው ይከብዳል፣ ልትረጂያቸው ያምርሻል። አትርጂያቸው። ያሉትን እንዳሉት ጻፊ።

«አላውቅም» ያለውንና በልበ ሙሉነት የተሳሳተውን ለየብቻ ቁጠሪ። አላውቅም ያለው ቢነግሩት ይሰማል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሁለተኛው ነው። የሚነድ ዘይት ላይ ውሃ የሚደፋው እሱ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ በር ሥር መቆም የሚያድን የሚመስለውም እሱ ነው። ያ የድሮ ምክር ነው፤ ዛሬ የሚመከረው ዝቅ ብሎ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር መግባትና የጠረጴዛውን እግር አጥብቆ መያዝ ነው።

ፍርሃትን ደግሞ ከዝግጅት ጋር አታምታቺ። በጣም የሚፈራ ሰው ብዙ ጊዜ ምንም አያደርግም፣ የሚያደርገው ነገር ለውጥ የሚያመጣ አይመስለውማ። «የምታደርጉት ነገር ይጠቅማል ብላችሁ ታምናላችሁ?» ብለሽ ለብቻው ጠይቂ።

ቃላትሽንም አቅልያቸው። በኢንዶኔዥያ ሲሜሉዌ የምትባል ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1907 ሱናሚ ብዙ ሰው ጨረሰባት። ከዚያ ወዲህ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው «ስሞንግ» (በቋንቋቸው ሱናሚ ማለት ነው) ብለው ይተርካሉ፦ መሬት በኃይል ከተንቀጠቀጠና ባሕሩ ወደ ኋላ ከሸሸ፣ ወደ ኮረብታ ሩጥ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ያ ታላቅ ሱናሚ ሲመጣ ደሴቲቱ ለመንቀጥቀጡ መነሻ በጣም ቅርብ ነበረች። ግን ሰዉ ሮጦ ነበርና የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነዚህን ሰዎች «ስለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ግንዛቤ አለዎት?» ብትዪያቸው ዜሮ ያገኙልሽ ነበር።

ሌላው፣ የጠየቅሽው ማንን ነው? ቀን ላይ በር የሚከፍትልሽ ሌሊት አደጋ ሲደርስ ቤት የሚገኘው ላይሆን ይችላል። ልጆቹንም ጠይቂ። ከወላጆቻቸው የተለየ መልስ ከሰጡ ቤቱ አልተመካከረም ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፦ «ከጎረቤቶቻችሁ ደረጃውን ብቻውን መውረድ የማይችል ማን ነው?» እ.ኤ.አ. በ1995 ጃፓን ኮቤ ላይ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ከፍርስራሽ በሕይወት ከወጡት አብዛኞቹን ያወጧቸው ቤተሰብና ጎረቤት ናቸው። ይህን የሚመልስ ሰው በየፎቁ አንድ እንኳ ካለሽ ጥሩ መነሻ አለሽ።

የድሮዎቹን 36 ወረቀቶች አትጣያቸው። የቤት ቁጥር ካላቸው ከአዲሱ መልስ ጋር ቤት በቤት አስተያዪ። «ዝግጁ ነን» ካሉት ውስጥ ስንቱ ባትሪውን እንዳገኘ ቆጥረሽ ለኮሚቴው አቅርቢ። ስም ግን አትጥሪ፤ ሁለተኛ በር አይከፍቱልሽም።