ከቢዮንሴ በፊት የነበሩት ዓመታት

ካሜራ አንግታችሁ ከመድረክ ጀርባ ለምትጋፉ ወጣቶች ነው የምጽፈው። «አንድ ዝነኛ ድምፃዊ ባነሳ ስሜ ይወጣል» ትላላችሁ። ሊወጣ ይችላል። ድምፃዊው ከዚያ ሁሉ ባለ ካሜራ መካከል እናንተን የሚመርጠው ለምን እንደሆነ ግን አስባችሁበታል?

አወል እርዝቁ ኢትዮጵያ ተወልዶ በኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ያደገ የጥበብ ሰው ነው። አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ቢዮንሴ መንታ ማርገዟን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 ያበሰረችው እሱ ባነሳት ፎቶግራፍ ነበር፤ በትልቅ የአበባ ጉንጉን ፊት ተንበርክካ፣ ስስ አረንጓዴ ዓይነ ርግብ ተከናንባ፣ እጇን ሆዷ ላይ አሳርፋ። ፎቶው በኢንስታግራም ታሪክ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ብዙ ሰው የወደደው ሆነ። እኔ ግን ያየሁበት የድሮ ፎቶ ቤቶቻችንን ነው፦ የተሳለ የጀርባ መጋረጃ፣ አበባ፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሰው። ከእኛ ወሰደው አልልም። እናንተ ኋላ ቀር ብላችሁ የምትስቁበትን አቀማመጥ እሱ አለማፈሩ ነው ደስ ያለኝ።

ወደ ኋላ ሂዱና እ.ኤ.አ. 2009ን ተመልከቱ። ገና ተማሪ ሳለ፣ የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የቨርሜርን «ባለ ዕንቁ ጉትቻ ልጃገረድ» የተባለ ሥዕል መነሻ አድርጎ፣ የቀርከሃ ቅርጽ ያለው ትልቅ ጉትቻ ያደረገች ጥቁር ወጣት አነሳ። በታላላቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ እሷን የምትመስል ሴት እምብዛም አይታይምና መልሱን በፎቶ ሰጠ። ከዚያም የአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እስከ እ.ኤ.አ. 2014 ተማረ። በእኔ ዓይን የቢዮንሴ ፎቶ ያለቀው ያኔ ነው፤ የቀረው የእሷ መምጣት ብቻ ነበር።

ስለዚህ ኮንሰርቱን ተዉትና ጎረቤታችሁን አንሱ። ጀበና ቡና የምታፈላዋን ልጅ መስኮት አጠገብ አስቀምጧትና ብርሃኑ ፊቷ ላይ ሲዞር ተመልከቱ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንንም አጥኑ። የድሮ ሠዓሊዎች ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በጎኑ በአንድ ዓይን ይሥሉ ነበር፤ ፊትን ወዴት ማዞር ምን እንደሚናገር ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም።

ዝነኛው ሰው ከመጣም ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉ። ፎቶው የማን እንደሚሆን፣ የት የት እንደሚወጣ፣ ስማችሁ አብሮ እንደሚጻፍ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስለ ፎቶግራፍ የሚለውንም ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት።