ከመፍረዳችሁ በፊት መዝገቡን አገላብጡት

ልጆቼ፣ ሳዑዲ ውስጥ በግድያ የተከሰሰችውን እህታችንን ጉዳይ አንስታችሁ ስለ ሸሪዓ የወንጀል ቅጣት ፌስቡክ ላይ ስትከራከሩ እሰማለሁ። አንዱ «አረመኔነት ነው» ይላል። ሌላው «የአላህ ሕግ ነው፣ አለቀ» ብሎ በሩን ይዘጋል። መዝገብ አገላብጦ የሚናገር ግን ብዙም አላየሁም። በጥብቅና ያረጀሁ ሰው ነኝና እስቲ አንዱን ላሳያችሁ።

ቦታው ሰሜን ናይጄሪያ፣ ካትሲና ነው። አሚና ላዋል የምትባል ፈት ሴት ልጅ ወለደች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2002 የባኮሪ ሸሪዓ ፍርድ ቤት «ዝሙት ነው» ብሎ በድንጋይ ተወግራ እንድትሞት ፈረደባት። ማስረጃው መውለዷና የእምነት ቃሏ ነበር። አባት ነው ያለችው ሰውዬስ? ካደ። ምስክር የለም ተባለና ወደ ቤቱ ሄደ።

ጠበቆቿ ይግባኝ ሲሉ መከራከሪያውን ያወጡት ከራሱ ከሸሪዓው ነው። መዳኘት የነበረባቸው ሦስት ዳኞች ሲሆኑ የፈረደው አንድ ብቻ ነው አሉ። የእምነት ቃልም መልሶ መካድ ይቻላል አሉ። እኔን የገረመኝ ሦስተኛው ነው። ከእስልምና የሕግ ትምህርት ቤቶች አንዱ በሆነው በማሊኪ መዝሀብ ፅንስ ማህፀን ውስጥ እስከ አምስት ዓመት «ተኝቶ» ሊቆይ ይችላል የሚል አስተያየት አለ። እንግዲያው ሕፃኗ የቀድሞ ባሏ ልጅ ልትሆን ትችላለች! ሐኪም ቢስቅ አልፈርድበትም። ግን «በጥርጣሬ ሁዱድን አንሱ» የሚለው መርህ (ሁዱድ ማለት ሃይማኖቱ ራሱ የወሰነው ቅጣት ነው) ሴቶችን ለማትረፍ ምን ያህል እንደተለጠጠ አስቡት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2003 የካትሲና ሸሪዓ ይግባኝ ፍርድ ቤት አራት ለአንድ በሆነ ድምፅ በነፃ አሰናበታት።

ቅጣቱ ደህና ነው ማለቴ አይደለም። ናይጄሪያ ራሷ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 7 ጭካኔ የተሞላበትን ቅጣት ይከለክላል። አሚና ዳነች፣ ሕጉ ግን አልተሰረዘም። ለእሷ ዓለም ጮኸላት። ጠበቃ ያጣች ሌላዋ የገጠር ሴትስ?

አንድ ነገር ደግሞ ያዙልኝ። ሁዱድ፣ ቂሳስና ተዕዚር አንድ አይደሉም። ተዕዚር ሃይማኖቱ መጠኑን ያልወሰነው ቅጣት ስለሆነ በዳኛና በመንግሥት እጅ ነው። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2020 በዚህ ዘርፍ ግርፋትን በገንዘብ ወይም በእስር እንዲተካ ያደረገችው ለዚህ ነው። በግድያ ክስ በሚመጣው ቂሳስ፣ ማለትም በነፍስ በነፍስ ቅጣት ግን ምሕረቱ ያለው በሟች ቤተሰብ እጅ ነው። በነፃ ይቅር ይላሉ፣ ወይ ድያ (የደም ካሳ) ይቀበላሉ፣ ወይ እምቢ ይላሉ። እህታችን እዚያ ቂሳስ ተፈርዶባት ከሆነ ፌስቡክ ላይ ሃይማኖታቸውን ስትሰድቡ የሚያነበው ያው ምሕረት የምትለምኑት ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ጠበቃ ፈልጉ፣ ኤምባሲውን አስጨንቁ፣ የሚያከብሩትን ሽማግሌ ላኩ።