የሽማግሌ ወረቀትና የፍሳሽ ቱቦ

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነው። የምኖረው አባታችን በሠሩት ቤት ውስጥ ነው። አባታችን በሕይወት ሳሉ የግቢውን የኋላ ክፍል ከነሰርቪስ ቤቱ ሸጠው ነበር፤ የሽንት ቤታችን ሴፕቲክ ታንክ የቀረው በተሸጠው በኩል ነው። ከመጀመሪያው ገዢ ጋር አንድም ቀን ክፉ ደግ ተነጋግረን አናውቅም። እርሱ ከ3 ዓመት በፊት ለሌላ ሰው ሸጠው። አዲሱ ጎረቤቴ ‹ግድግዳዬ ረጠበ፣ ሽታው አስቸገረኝ› እያለ ሲጨቃጨቅ ቆይቶ አምና ሽማግሌዎች አስማሙን፤ 60,000 ብር ከፈልኩት፣ እርሱም ቱቦው በግቢው እንዲያልፍ ፈቅዶ ፈረመ። አሁን መስመሩ ተደፍኖ ፍሳሹ ወደ ቤቴ እየተመለሰ ነው። ተከራዮቼም ሊለቁ ነው። ቆፍሬ ቱቦውን ልቀይር ብል በሩን ዘጋብኝ፤ እንዲያውም በኮንክሪት እደፍነዋለሁ ይላል። የተፈራረምንበትን ወረቀት ይዤ ከፖሊስ ጋር ገብቼ ማስቆፈር እችላለሁ?»

መልስ፦ ጠያቂዬ፣ አይችሉም። ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆፋሪ አጅቦ ሰው ግቢ አይገባም። በራስዎ ሥልጣን ቢገቡ ደግሞ ከሳሽ ለመሆን ሲያስቡ የወንጀል ተከሳሽ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ለተጠየቀው መልሱ ይኸው ነው። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ሳነበው ግን ያሳሰበኝ ያልጠየቁኝ ነገር ነው።

«አባታችን» ይላሉ። እንግዲያው ወንድም ወይም እህት አለዎት ማለት ነው። ካርታው በማን ስም ነው? የወራሽነት ማስረጃ ወጥቷል? ንብረቱስ ተከፋፍሏል ወይስ እስከ ዛሬ በአባትዎ ስም ነው፣ ነፍሳቸውን ይማርና? ካርታው ካልዞረና ሌሎች ወራሾች ካሉ ከሳሽ ብቻዎን ሆነው በቀረቡ ቀን የተከሳሽ ጠበቃ ወደ ቱቦው ከመግባቱ በፊት የሚያነሣው መቃወሚያ ይህን ነው። ቤተሰቡን አሁኑኑ ሰብስበው ውክልናውን ይጨርሱ።

ቀጥሎ «ተከራዮቼ» አሉ። ስንት ናቸው? ይህን ቁጥር የዘለሉት ረስተውት አይመስለኝም። አባትዎ ያንን መስመር ሲያስቀብሩ ያሰቡት አንድ ቤተሰብ ነበር። ከዚያ ወዲህ በግቢው ውስጥ ክፍሎች ተሠርተው የሁሉም ሽንት ቤትና መታጠቢያ ወደዚያው ቱቦ ከተገናኘ መስመሩን ያጨናነቀው የጎረቤትዎ ክፋት ብቻ ላይሆን ይችላል። ለክፍሎቹ የግንባታ ፈቃድ አለ? ጥያቄዬ ለወቀሳ አይደለም (ትንሽ ወቀሳ እንዳለበት ግን አልክድም)። በሌላ ሰው ይዞታ ላይ የመገልገል መብት ያለው ሰው እንኳ ሸክሙን እንዳሻው ማክበድ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ የክፍሎቹ ቁጥር ፍርድ ቤት መውጣቱ አይቀርም። ከእኔ የደበቁትን ዳኛው ከተከሳሽ አንደበት ቢሰማው ለእርስዎ የከፋ ነው።

ሦስተኛው 60,000 ብሩ ነው። ሽማግሌ ለነባር ቱቦ ማለፊያ ብቻ ይህን ያህል አያስከፍልም። ወረቀቱ ላይ ስለ ረጠበው ግድግዳ የሰፈረ ነገር ይኖራል ብዬ ጠርጥሬያለሁ። «ለደረሰው ጉዳት ኃላፊነቴን አምኜ» የሚል ወይም እርሱን የሚመስል ሐረግ አለበት? እባክዎ ዛሬ አውጥተው ቃል በቃል ያንብቡት።

ስለ ግድግዳው ሕጉ ብዙ አያነጋግርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ሽታና መሰል ሁከት ጎረቤት ላይ ማድረስን ይከለክላል። አንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ያልታሰበ ጉዳት ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ከውል ውጭ የሚመጣ የካሣ ጥያቄ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ይርጋ፣ ማለትም ክስ በማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ እንደሚታገድ አንቀጽ 2143 ይናገራል፤ ይርጋን ተከራካሪው ካላነሣው ግን ፍርድ ቤት በራሱ አያነሣውም። ስለዚህ ግድግዳው መርጠብ የጀመረበት ወር ለእርስዎም ለእርሱም ዋጋ አለው። የሚያውቁትን ቀን ይጻፉ፣ የማያውቁትን አይገምቱ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ፤ ደንበኞቼ እየተመላለሱ የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነውና።

ወረቀቱን ሳላየው ልግለጽልዎት? ከደብተር የተገነጠለ ባለመስመር ቅጠል ነው። በአራት ታጥፎ በፕላስቲክ ተጠቅልሏል። ከላይ «የስምምነት ውል» ይላል። ከታች የአምስት ሽማግሌዎች ፊርማ አለ፣ አንዱ በአውራ ጣት የተደረገ ነው፣ ከጎኑ የእድሩ ክብ ማኅተም በሰማያዊ ቀለም ተመትቷል። ማኅተሙ ነው ሰውን የሚያታልለው። ሰው ክብ ማኅተም ሲያይ ሕግ ያየ ይመስለዋል። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ያለ ወረቀት፣ ያውም ሦስት ማኅተም ያለበት፣ በኩራት ለዳኛው አቀረበ። ዳኛው ገልበጥ አድርገው አዩትና «የት ተመዘገበ?» አሉት። «ሽማግሌዎቹ ዘንድ ነው ክቡር ዳኛ፤ ሁሉም በሕይወት አሉ» ብሎ መለሰ። ችሎቱ ሳቀ፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

የአንድ ቤት ፍሳሽ በሌላ ሰው ይዞታ ሥር እንዲያልፍ በቋሚነት መፍቀድ በሕጉ ቋንቋ የንብረት አገልግሎት ይባላል። በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የንብረት አገልግሎት የሚያቋቁም ውል በጽሑፍ መሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት አንቀጽ 1723 ያዝዛል። ከዚሁ አንቀጽ ሁለተኛው ንዑስ ቁጥር የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት የእርቅ ስምምነትም በዚያው መንገድ እንዲሄድ ያስገድዳል፤ «ይህ ውል አይደለም፣ እርቅ ነው» ብሎ ማምለጥ አይቻልም። ምስክሮቹን በተመለከተ አንቀጽ 1727 የሚጠይቀው ሁለት ብቻ ነው፤ እርስዎ አምስት አስፈርመው ሊሆን ይችላል። የምስክር ብዛት ግን የጎደለውን ምዝገባ አይሞላም። አንቀጽ 1720 ደግሞ ነገሩን ይጨርሰዋል፦ ሕግ ያዘዘው ፎርም ሳይጠበቅ ከቀረ ረቂቅ አለ እንጂ ውል የለም። በ60,000 ብር የገዙት ረቂቅ ነው።

ይህ የወረቀቱ አንድ ፊት ነው። በሌላው ፊቱ ያው ወረቀት የእርስዎ ፊርማ አለበት። የፍሳሹን መፍሰስ ማወቅዎን፣ ምናልባትም ለጉዳቱ ኃላፊነት ማመንዎን ያሳያል። ውል ሆኖ ባይጸና እንኳ በማስረጃነት ሊቀርብብዎ ይችላል። ዕዳን ማመን የይርጋ ቆጠራን ያቋርጣል የሚል ክርክርም ሊነሣበት ይችላል። እንግዲህ ማለፊያ የማይሰጥዎ፣ ጎረቤትዎ ግን ሊጠቀምበት የሚችል ወረቀት በእጅዎ ይዘው ነው ከፖሊስ ጋር ልግባ የሚሉኝ። ለዚህ ነው የተቆጣሁት።

ሽማግሌ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ሲዳማ ምድር ተቀምጦ ሽምግልናን የሚንቅ ጠበቃ ሥራውን አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ያለባቸውን ሠርተዋል፣ ሁለት ኩርፊያ የያዙ ሰዎች አስቀምጠዋል። ጥፋቱ የተፈጸመው በማግስቱ ነው። ከተስማሙ በኋላ ሁለታችሁም ወደ ሰነድ ማረጋገጫና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መሄድ ነበረባችሁ፤ እርስዎ ቡና አፍልተው ሸኟቸው። ቱቦ ከመሬት በታች ነው፣ አይታይም። ቤት የሚገዛ ሰው ከመግዛቱ በፊት እዳና እገዳ መኖሩን ከመዝገብ ያስጣራል፤ በመዝገቡ ላይ ስለ ቱቦዎ አንዲት ቃል ካላገኘ «አልነገሩኝም» የሚለው ቃሉ ይሰማል። አባትዎና የመጀመሪያው ገዢ በቃል ተግባብተው ኖሩ፣ መልካም ነበር። ሁለተኛው ገዢ ሲመጣ ግን ያ መግባባት አብሮ አልተሸጠም። በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፣ በቃል ያለ ይረሳል ይላሉ፤ እኔ የምጨምረው በጽሑፍ ያለውም ካልተመዘገበ ለሦስተኛው ገዢ እንደማይተርፍ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምፈልገው አባትዎ የኋላውን ክፍል ሲሸጡ የተፈረመውን የሽያጭ ውል ነው። ስለ ሴፕቲክ ታንኩ ወይም ስለ ፍሳሽ መስመሩ አንድ ሐረግ ካለበትና ውሉ በወቅቱ በሥርዓት ከጸደቀ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ውሉ እጅዎ ላይ ከሌለ ካጸደቀው ጽሕፈት ቤት ግልባጭ ይጠይቁ። ውሉ ስለ ቱቦው ዝም ካለ ሁለተኛው መንገድ በሽማግሌዎቹ አማካይነት ጎረቤትዎን ወደ ምዝገባ ማምጣት ነው። ግድግዳውን አስጠግነው ቢቀርቡት ልቡ ሊራራ ይችላል። የሚመዘገበው ውል የቱቦውን መንገድ በንድፍ ያሳይ፣ ጥልቀቱን፣ ለጥገና የሚገባበትን ሰዓትና የማስታወቂያ ቀን፣ የተቆፈረውን መልሶ የሚደፍነውን ሰው ይግለጽ። ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ይፈርሙ። እምቢ ካለ የከፈሉት ገንዘብ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ይህ ጥያቄ ብቻውን አንዳንድ ሰው ወደ ድርድር ይመልሳል።

ሦስተኛ መንገድም አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ባለይዞታ ለጎረቤቱ ጥቅም የውኃ፣ የጋዝ፣ የኤሌክትሪክና የመሰል ሥራዎች መስመር በይዞታው እንዲያልፍ፣ ካሣው አስቀድሞ ተከፍሎት፣ እንዲፈቅድ ያስገድዳል። ፍሳሽ «መሰል ሥራ» ነው ብለን መከራከር እንችላለን። ሆኖም ዳኛው መጠየቃቸው የማይቀር ነገር አለ፦ «በራስዎ ግቢ ታንክ ለመቆፈር ቦታ የለዎትም?» ቦታውን የያዙት ፈቃዳቸውን የጠየቅኩዎት የኪራይ ክፍሎች ከሆኑ መልሱ ምን ያህል እንደሚከብድ ይታይዎታል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ቢቻል የምመርጠው ይህንን ነው፤ አንድ ክፍል አፍርሶም ቢሆን በራስዎ ይዞታ አዲስ ታንክ። ከዓመታት ሙግት ይረክሳል። ሐይቅ ዳር ግን የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ነው፣ ሐይቁም መውጫ ወንዝ የለውም፣ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ውኃው እንዲሰርግ ብሎ ወለሉን ክፍት የሚተው ግንበኛ ቢያገኙ ያሰናብቱት፤ ታንኩ ከሥሩም ከጎኑም በደንብ የታሸገ ይሁን፣ ከመቆፈሩ በፊትም ከከተማው ፈቃድ ይውሰዱ።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን መስመሩ የት እንደተደፈነ ያውቃሉ? «ጎረቤቴ ግቢ ነው» ብለው የደመደሙት በሩን ስለዘጋብዎ ይመስለኛል። ወሰኑ አጠገብ በእርስዎ በኩል ያለውን ማንሆል ያስከፍቱ። ሞልቶ ቆሞ ከሆነ ድፍኑ ከዚያ ወዲያ ነው። እርስዎ ቤት ፍሳሹ እየተመለሰ ማንሆሉ ደረቅ ከሆነ ግን ድፍኑ በእርስዎው ግቢ ነው፣ የጎረቤትዎ በር ቢከፈትም ባይከፈትም ለውጥ አያመጣም። ማንሆል ከሌለ ካሜራ በገመድ የሚያስገቡ ባለሙያዎች ካገኙ ያስመርምሩ። የግድግዳው እርጥበት ከእርስዎ ቱቦ መሆኑን ለመለየት ደግሞ ማቅለሚያ በሽንት ቤቱ ለቅቆ በዚያ በኩል ብቅ ማለት አለማለቱን መጠበቅ ቀላል ዘዴ ነው፤ ግድግዳው የረጠበው ከጣሪያው ወይም ከራሱ የውኃ ቧንቧ ሊሆንም ይችላል። ይህንን ሁለታችሁም ባላችሁበት፣ ፎቶ እየተነሣ፣ ባለሙያው በጽሑፍ እያረጋገጠ አድርጉት። ቆፍሮ፣ ቀይሮ፣ አፈሩን መልሶ ካበቃ በኋላ ወደ ጠበቃ የሚመጣ ሰው ማስረጃውን ከአሮጌው ቱቦ ጋር ጥሎት ይመጣል።

በኮንክሪት እደፍነዋለሁ ማለቱን በተመለከተ ዛቻውን ከማን ፊት፣ መቼ እንዳለ ይመዝግቡ። ቢያደርገው በአንቀጽ 1149 መሠረት የሁከት ይወገድልኝ ክስ ለማቅረብ 2 ዓመት አለዎት፤ እስከዚያ ላለው ደግሞ ጊዜያዊ የእግድ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል። አስቀድሜ የጠቀስኩት የክፍሎቹና የወራሾቹ ጉዳይ ሳይጠራ ግን አያቅርቡት፤ ፋይሉን ያየ ጠበቃ ይወስንልዎ።

መስመሩ በየትም በኩል ይሁን ሲቀየር ሥራውን በጽሑፍ ውል ያሠሩ። አንቀጽ 3039 የግንባታ ሥራ ተቋራጭ ለሥራው 10 ዓመት ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ ይህንን የሚያሳጥር ስምምነትም ዋጋ የለውም። ያለ ውል፣ ያለ ደረሰኝ፣ በስልክ ተጠርቶ መጥቶ የሄደን ቧንቧ ሠራተኛ ግን በዚህ አንቀጽ ለመያዝ መጀመሪያ መሥራቱን ማስረዳት አለብዎ። ለ110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁልቁለት፣ ከሥር አሸዋ፣ በየመታጠፊያው መክፈቻ እንዲኖረው በውሉ ላይ ያጽፉ፤ አፈር ከመመለሱ በፊትም ውኃ ተለቅቆበት ይታይ።

እስከዚያው ተከራዮችዎ ጨርቅና የሕፃን ዳይፐር ሽንት ቤት እንዳይጥሉ ይንገሯቸው፣ ታንኩንም ጎረቤትዎ ከፈቀደ በመጣጭ መኪና ያስመጥጡ፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ከዚያ ካርታውን፣ የወራሽነት ማስረጃውን፣ የአባትዎን የሽያጭ ውልና ያንን ወረቀት ይዘው እዚያው ሐዋሳ ያለ ጠበቃ ያማክሩ። የወረቀቱን ዋናውን ይውሰዱ፣ ፎቶውን አይደለም። ደግሞም እባክዎ ላሚኔት አያስደርጉት፤ ፊርማው ቢካድ የሚመረምረው ባለሙያ ቀለሙን በፕላስቲክ ውስጥ ሊያየው አይችልም።