ደብዳቤው ከተላከ በኋላስ?

ለተመራቂ ልጆቼ፣

ብዙ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ስላስተማርኩ ለስኮላርሺፕ ሪኮመንዴሽን (የድጋፍ ደብዳቤ) የሚጠይቀኝ አላጣም። ደስ እያለኝ ነው የምጽፈው። አጠያየቃችሁ ላይ ግን ትንሽ ላውራ።

ማታ ቴሌግራም ላይ «ሰላም» የሚል ይመጣል። በቃ፣ ሰላም ብቻ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማን ልበል?» እላለሁ። ዝም። በማግስቱ «ጋሼ አሉ?» ይመጣል። ሦስተኛው መልእክት ላይ ጉዳዩ ይወጣል፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ነገ ነው! እባካችሁ ስማችሁን፣ መቼና ምን እንዳስተማርኳችሁ፣ ምን እንደምትፈልጉና የመጨረሻውን ቀን በአንድ መልእክት ጻፉልኝ። ሲቪም አያይዙ። ስንቱን በፎቶው ልለይ? ያውም ፎቶው የአርሰናል አርማ ሲሆን። ደግሞ ማመልከቻው የሚዘጋው በዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ነው፣ ያ በዲሴምበር እኛ ጋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው ብሎ ሌሊቱን የሚቆጥርብኝ አለ። እኔ እኮ ሌሊት እተኛለሁ።

የምታመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤው የሚገባበትን ሊንክ የሚልከው በቀጥታ ለመምህሩ ነው። አንዳንዴ ስፓም ውስጥ ፈልጌ ነው የማገኘው። ከደብዳቤው ሌላ «ተማሪው ከክፍሉ ከመጀመሪያዎቹ 5 በመቶ ነው ወይስ 10 በመቶ?» እያለ የሚያፋጥጥ ፎርም አለ። መሀል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ከ«ሀ» መጀመር ነው። እናንተ ይህን አታዩም። የሚደርሳችሁ «ተልኳል» የሚለው ብቻ ነው። ምስጋናው የሚረሳው ለዚህ ይመስለኛል።

የተጣበቁ እጆች ምልክት ልኮ መገላገልም አለ። ከዝምታ ይሻላል፣ አልጠላውም። «እግዜር ይስጥልኝ» ስትሉኝም «አብሮ ይስጠን» ብዬ አልፋለሁ። እኔን የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጁ ገባ? ቪዛውስ? ከወራት በኋላ ፌስቡክ ላይ ጀርመን በረዶ ውስጥ ቆሞ ሳየው ነው መግባቱን የማውቀው። ደስ ይለኛል፣ ቅርም ይለኛል። ሁለት መስመር ብትጽፉልኝ ምን ነበረበት?

ያልተሳካላችሁማ ጭራሽ ትጠፋላችሁ። ታፍራላችሁ መሰለኝ። አንዲት ተማሪዬ ግን «አልተቀበሉኝም፤ ስለደከሙልኝ ግን አመሰግናለሁ» ብላ ጻፈችልኝ። ያንኑ ቀን ደወልኩላት። ሌላ የት የት ማመልከት እንደምትችል ስናወራ አመሸን። ደብዳቤዋ ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ። ለሚቀጥለው ዓመት የዩኒቨርሲቲውን ስምና ቀኑን መቀየር ነው የሚቀረኝ። ሊንኩን ብቻ ቀደም አድርገሽ አስልኪ ብያታለሁ።