ጥያቄና መልስ፦ ልጆችን ለሚያስተምሩ አገልጋዮች ሕግ ማውጣት ወንድምን መጠርጠር ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። በአዲስ አበባ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የማዕከላውያንን ክፍል አስተምራለሁ። ልጆቹ ከ11 እስከ 14 ዓመት ናቸው። በቅርቡ አዲስ መመሪያ ተሰጠን። አገልጋይ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል እንዳይሆን፣ ለልጅ በቴሌግራም ለብቻው እንዳይጽፍ፣ ሁላችንም ተያዥ አምጥተን እንድንፈርም ይላል። ነባር ወንድሞች ተቆጡ። «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው። በመንፈሳዊ ቤት ወንድም ወንድሙን አይጠረጥርም። እግዚአብሔር ይጠብቃል» አሉ። እኔም ግራ ገባኝ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ልጆቹን ይዘን ደብረ ሊባኖስ ልንሄድ ነው። አንድ ልጅ የሚያሳስብ ነገር ቢነግረኝስ ምን ላድርግ? ረዳት ስለሌለኝም ብዙ ጊዜ የማስተምረው ብቻዬን ነው። ስሜ ይቆይልኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን። መመሪያውን ፈርሚ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

እግዚአብሔር ይጠብቃል ማለት እውነት ነው። ነገር ግን ይኸው የሚጠብቀን አምላክ ለእስራኤል የሰጠውን ሕግ አንብቢ። ዘዳግም 22፥8 ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናልና። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው ወይስ ክፉ ብሎ አይጠይቅም። ጸሎተኛ ከሆነ መከታው ይቅርለት አይልም። ቤት የሠራ ሁሉ መከታ ይሥራ ነው የሚለው። ልጆችን ሰብስበን የምናስተምርበት አዳራሽም ቤት ነው። መከታ ያስፈልገዋል።

ቅዱስ ጳውሎስንም ተመልከቺ። በኢየሩሳሌም ለነበሩ ድሆች ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ገንዘብ ሲሰበስብ ብቻውን አልያዘውም። ቲቶን ላከ። ከእርሱ ጋርም አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ላከ። ምክንያቱን 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21 ላይ ጽፎታል። ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። ጳውሎስን ሌባ ብሎ የጠረጠረው የለም። ሐዋርያው ግን ለገንዘብ እንኳ ሁለተኛ ሰው አስቀመጠ። ታዲያ ለልጅ ሲሆን ሁለተኛ ሰው ማስቀመጥ ለምን ያስቆጣናል?

«የፈረንጅ ነገር» የተባለው ተያዥም ቢሆን ከፈረንጅ አልመጣም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥10 ዲያቆናት ከማገልገላቸው በፊት ይፈተኑ ይላል። እኛም ካህን ወይም ዲያቆን ከደብር ወደ ደብር ሲዛወር መሸኛ ደብዳቤ እንጠይቃለን። መቀደስ ለሚፈልግ መሸኛ ከጠየቅን፣ የሠላሳ ሰው ልጅ ለሚረከብ አገልጋይ «በፊት የት ታገለግል ነበር? ለምን ለቀቅህ?» ማለት ነውር ሊሆን አይችልም። የድሮ አጥቢያው ስልክ ተደውሎ ይጠየቅ። እኔ ከመመሪያው ሁሉ የማከብረው ይህን ነው። አንዳንድ ሰው ከአንዱ ሰንበት ትምህርት ቤት በዝምታ ተሸኝቶ ሌላው ጋ ተጨብጭቦለት የሚገባው ማንም ስለማይደውል ነው።

አሁን ለነባሮቹ ወንድሞች የሚከብደውን ነገር ልናገር። በልጅ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባዕድ አይደለም። ልጁ የሚያውቀው፣ ወላጅም የሚያምነው ሰው ነው። አንድ ልጅ ይመርጣል። ስጦታ ይሰጠዋል፣ የስልክ ካርድ ይሞላለታል፣ «አንተ ከሌሎቹ ትለያለህ» ይለዋል። ከዚያ ትንሽ ምስጢር ይፈጥራል። ለልጁ ለብቻ መልእክት መጻፍና በተዘጋ ክፍል መቀመጥ የሚከለከለው ለዚህ ነው። መንገዱ ከመጀመሪያው ይዘጋል። ንጹሑ አገልጋይም ከሐሜት ይድናል፤ ይሄ እውነት ነው። ግን እርሱን ሁለተኛ አድርጌ ነው የምናገረው። አንደኛው ልጁ ነው። ብዙ ስብሰባ ላይ ስለ አገልጋዩ ክብር አንድ ሰዓት ይወራና ስለ ልጁ አንድ ደቂቃም አይወራም። ይህ ያሳዝነኛል።

በነገራችን ላይ ይህ የሰንበት ትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከእናት ከአባቱ ርቆ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ በጎጆ እያደረ ፊደልና ዜማ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ከማንም በላይ ጥበቃ የሚያስፈልገው ልጅ ነው። ቅዳሴ ለመቀደስ ከዋዜማው መጥተው በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚያድሩ ትንንሽ ዲያቆናትም እንዲሁ። የት ነው የሚተኙት? አብሯቸው የሚያድረው ማን ነው? ሰበካ ጉባኤ ይህን መጠየቅ አለበት።

የቴሌግራሙን ነገር በአጭሩ ልበልሽ። ለክፍሉ አንድ ግሩፕ ይከፈት። ሌላ አገልጋይና ወላጆች ይግቡበት። ልጅ ለብቻሽ ቢጽፍልሽ በደግነት መልሺለትና ወደ ግሩፑ ውሰጂው። የልጆችን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። ማታ የመዝሙር ጥናት ካለ ደግሞ ልጅ ብቻውን አይሸኝም፤ ማን ይዞት እንደሚሄድ ወላጁ አስቀድሞ ይናገር።

ስለ ቅጣት አልጠየቅሽኝም፤ ግን ሳልናገር አላልፍም። ቁንጥጫም ሆነ አለንጋ በክፍልሽ አይኑር። የአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ቅጣት ያስፈልጋል ብለሽ ካመንሽ ወላጅ ጥሪ።

ወደ ከባዱ ጥያቄሽ ልምጣ። ልጅ መጥቶ የሚያስደነግጥ ነገር ቢነግርሽስ?

ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13ን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። የዳዊት ልጅ ትዕማር በገዛ ወንድሟ በአምኖን ተደፈረች። አመድ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀዳ፣ እየጮኸች ወጣች። አቤሴሎም ምን አላት? ወንድምሽ ነውና ዝም በዪ አላት። ንጉሡ ዳዊት ሰማ። እጅግ ተቆጣም ይላል። ከቁጣው በኋላ ግን ያደረገው ነገር አልተጻፈም። ሁለት ዓመት በዝምታ አለፈ። ከዚያ አቤሴሎም አምኖንን አስገደለው፤ ቤቱም ፈረሰ። የካህኑ የዔሊም ታሪክ እንዲሁ ነው። ልጆቹ በመገናኛው ድንኳን ደጅ ከሚያገለግሉ ሴቶች ጋር የሚያደርጉትን ሰማ። «ልጆቼ ሆይ፣ ይህ አይሆንም» ብሎ መከራቸው። ከአገልግሎት ግን አላስወጣቸውም። እግዚአብሔርም በዔሊ ላይ ፈረደበት፤ አውቆ አልከለከላቸውምና።

እኛም «የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ» እንላለን። «የልጅቷ ስም ይጠፋል፣ ነገ ማን ያገባታል» እንላለን። ሽማግሌ እንሰበስባለን፤ ይቅር ተባባሉ እናስብላለን። በልጅ ላይ የተፈጸመ ጥቃት በሽምግልና አያልቅም። ወንጀል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626 እና 627 ይቀጣል። ልጁ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ቅጣቱ እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ጥፋተኛው ልጁን በአደራ የተቀበለ ሰው መሆኑም ቅጣት የሚያከብድ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ልጁ ሲነግርሽ ረጋ ብለሽ ስሚው። አትደንግጪበት፤ ከደነገጥሽ ዝም ይላል። «እርግጠኛ ነህ? ለምን ቀድመህ አልተናገርክም?» አትበዪ። «መናገርህ ጥሩ ነው፤ ጥፋቱ የአንተ አይደለም» በዪው። እየደጋገምሽ አትመርምሪው፤ መመርመር የፖሊስና የሐኪም ሥራ ነው። እርሱ ባለው ቃል ጻፊው፤ ቀኑንና ሰዓቱንም። የተከሰሰውን ሰው ጠርተሽ ከልጁ ጋር ፊት ለፊት አታገናኚ። አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ያዢ፦ «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢ። አንቺ የንስሐ አባት አይደለሽም። የንስሐ ምስጢር የሚጠበቀው ካህኑ ዘንድ ነው። ለአንቺ የተነገረሽ ግን ልጁን ለሚያድን ሰው መድረስ አለበት፤ ይህንኑ ለልጁ በግልጽ ንገሪው።

ጥቃቱ በቅርቡ ከሆነ ሰዓት አለው። ልጁ ሳይታጠብ፣ ልብሱም ሳይታጠብ ሆስፒታል ይድረስ። ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነውና፤ ከቀደመ ደግሞ ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና የሥነ ልቦና ምክሩን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። የፖሊስ ስልክ 991 ነው። ለወላጅ መንገር ይገባል። ጥርጣሬው በዚያው በወላጁ ወይም በቤቱ ባለ ሰው ላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ወደ ፖሊስ ነው። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢና ለደብሩ አስተዳዳሪም አሳውቂ። እነርሱ ግን «ቆይ እስኪ እናጣራው» ቢሉሽ አትጠብቂ።

አንድ ጥቅስ ይጠቅሱብሽ ይሆናል። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19፣ በሽማግሌ ላይ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ክስ አትቀበል የሚለውን። ይህ ቃል ፍርድ የሚሰጥ ሰው ያለ ማስረጃ እንዳይፈርድ ነው። አንቺ አልፈረድሽም። እንዲመረመር አመለከትሽ እንጂ። ቀጣዩን ቁጥርም አብረው ያንብቡ፤ ኃጢአት የሚሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጻቸው ይላል።

«ንስሐ ገብቷል» ቢባልስ? ደስ ይበለን። የንስሐ በር ለማንም አይዘጋም። ይቅርታ ማግኘት ግን ወደ ልጆች ክፍል መመለስ አይደለም። ገንዘብ ሰርቆ ንስሐ የገባውን ሰው ይቅር ብለን እናቆርበዋለን፤ የሙዳየ ምጽዋቱን ቁልፍ ግን አንሰጠውም። እውነተኛ ንስሐ የገባ ሰው ደግሞ ራሱም ልጆች ያሉበት ክፍል ልመለስ አይልም። ሕግ ፊት ቀርቦ መጠየቁም የንስሐው ክፍል ነው።

በውጭ አገር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ አገልጋዮች፣ እናንተ ጋ ነገሩ የበለጠ ጥብቅ ነው። በአሜሪካ በሜሪላንድ ማንኛውም ሰው የልጅ ጥቃት ሲጠረጥር የማመልከት ግዴታ አለበት። በቨርጂኒያ ከ2019 ጀምሮ ካህናትም በአመልካቾቹ ዝርዝር ገብተዋል፤ የንስሐ ምስጢር የራሱ ልዩ ድንጋጌ አለው። «እኛ እኮ በነጻ ነው የምናገለግለው» ማለት አያድንም።

ወደ ጉዞው ልምጣ። ሉቃስ ምዕራፍ 2 ላይ ጌታችን በ12 ዓመቱ በኢየሩሳሌም ሲቀር እመቤታችንና ዮሴፍ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። እርሱ በአባቱ ቤት መቅረቱ በፈቃዱ ነበር፤ ምስጢርም አለው። እነርሱን ለመንቀፍ አላመጣሁትም። በዘመድ መካከል ሲኬድ «ከእገሌ ጋር ነው» ብሎ ማሰብ እንዴት ቀላል እንደሆነ ግን ወንጌሉ ያሳየናል። ስለዚህ ልጆቹ መኪና ላይ በወጡና በወረዱ ቁጥር ስም ይጠራ። ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ አንዱ ወርዶ ሌላ እንግዳ ልጅ ቢገባ ቁጥሩ ያው ነውና። ለስምንት ወይም ለአሥር ልጅ አንድ አዋቂ መድቡ፤ ሴቶችም ወንዶችም አገልጋዮች ይኑሩ። በኮስትሩ ወንበር ላይ ደራርባችሁ አትጫኑ። ሹፌሩም ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ እንዳይሆን ጠይቁ።

ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን አፋፉ ገደል ነው። ልጆች የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለውን ለማየትና ከጭላዳዎቹ ጋር ፎቶ ለመነሳት ወደ ጠርዙ ይሮጣሉ። እዚያ ከእነርሱ ቀድሞ የሚቆም ሰው ይኑር። ወላጅ የፈረመበት ወረቀት ያዢ፤ ስልኩ፣ ልጁ የማይስማማው ምግብና የሚወስደው መድኃኒት ይጻፍበት። አስም ያለበት ልጅ በአፉ የሚስበውን መድኃኒት (ኢንሄለር) ኪሱ ይያዝ። የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ «ዛሬ ጾም ነው፣ ጠበልም እንጠመቃለን» ተብሎ መድኃኒቱን አያቋርጥ። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው ጹም ብላ አታስገድድም። አዳር ካለ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ለየብቻ ይተኙ፤ በየክፍሉም ሁለት አዋቂ ይደሩ፤ ማንም አገልጋይ ከአንድ ልጅ ጋር አልጋ አይጋራ።

ረዳት የለኝም ያልሽውን ደግሞ ለሰብሳቢው በደብዳቤ ጻፊ። እስከዚያው ወላጆችን በየተራ ጋብዣቸው፤ አንድ እናት ወይም አባት ከኋላ ቁጭ ብለው ይከታተሉ። በሩ ክፍት ይሁን። ወላጅ የቀረበት እሑድ ደግሞ ልጆቹን ከሌላው ክፍል ጋር ቀላቅላችሁ አስተምሩ። ለደብረ ሊባኖሱ ጉዞም ሌላ አዋቂ አገልጋይ ካልተመደበ ቀኑን አስለውጪ።