በጎ ፈቃድ ሥራ ያስገኛል? የድሬ ልጆች ጥያቄና መልስ

የመጋዘን ሰው ነኝ። ሥራውን የለመድኩት በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማችንን ድሬዳዋን ሲመታ፣ ለተጎጂዎች የመጣውን ብርድ ልብስ በነጻ እየቆጠርኩ ነው። የቡድናችን አባላት፣ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ተመርቄ ዓመት ሞላኝ። ሁሉም «ልምድ አለሽ?» ይለኛል። በጎ ፈቃድ ይረዳኛል?

መልስ፦ በምትይዢው ሥራ ይወሰናል። በክረምት የአረጋውያን ቤት ሲታደስ ሁሉም ጭቃ ሊያቦካ ይሮጣል። አንቺ ቆርቆሮና ሚስማሩን ያዢ። ስንት ገባ? ስንት ወጣ? ማን ፈረመ? ቢን ካርድ (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ) ከሌለ ደብተር አስምሪ። ንብረት ክፍል ሄደሽ፣ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 የሚባለው ደረሰኝ፣ ሲወጣ ሞዴል 22 እንዴት እንደሚሞላ እዪ። ማታ ቆጥረሽ ከካርዱ ጋር አስታርቂ። ከጎደለ ያኔውኑ ጻፊ፣ እንዳትደብቂ። «ከሰው ጋር ተግባብቼ እሠራለሁ» የሚለኝ ብዙ ነው። «የ12 ቤት ቆርቆሮ ይዤ፣ የጎደሉትን 3 እንዲህ አገኘኋቸው» የምትለኝን ግን እቀጥራለሁ። ስትጨርሺ ደብዳቤ ተቀበይ። ማኅተም ያለው፣ ቀኑና ሥራው የተዘረዘረበት።

ጥያቄ፦ ሰርተፍኬት ይሰጣሉ?

መልስ፦ እነማን? የት? «ተሳትፏል» የሚል ወረቀት ለቀጣሪ ምንም አይነግረውም። ሥራህን የሚዘረዝር ደብዳቤ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የቀይ መስቀል የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠናስ?

መልስ፦ ጥሩ ነው። ዝርዝሩን ቅርንጫፉን ጠይቂ።

አንድ አባል፦ አቦ ተዉን! በነጻ የሚሠራው ያለው ሰው ነው። እኔ የባጃጅ እንኳ የለኝም።

ሌላ አባል፦ እኔ ከገንደ ቆሬ በእግሬ እየሄድኩ ነው ልጆች ያስጠናሁት።

የመጀመሪያው፦ አንተን እናትህ ታበላሃለች። እኔ ቤት አበላለሁ።

መልስ፦ እውነቱን ነው። ቤት የሚያስተዳድር ሰው ሥራውን አይተው። ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ድርጅት «በጎ ፈቃደኛ ነህ» ብሎ 5 ወር ሱቁ ውስጥ ያለ ደሞዝ አሠራኝ።

መልስ፦ ይሄ በጎ ፈቃድ አይደለም፣ ጉልበትህን መብላት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እንኳ ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። እሱም በደሞዝ ነው። የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው ቢሮ ሄደህ አመልክት። ለሌሎቻችሁም፦ የምትሠሩትና የምትጨርሱበት ቀን በጽሑፍ ይሁን።

ጥያቄ፦ ሰርተፍኬት ግን ግዴታ ነው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፣ አንብቡ እንጂ! ደብዳቤ። በጽሑፍ።

ጥያቄ፦ ከሶማልኛና ከኦሮምኛ በቀር ምንም ሙያ የለኝም።

መልስ፦ እንዴት ምንም ትያለሽ? የክረምት ነጻ ሕክምና ሲኖር ከገጠር የመጡትን እናቶች አስተርጉሚ፣ ካርድ አስሞዪ። እሱንም በደብዳቤ አስጽፊ። የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠና በ2014 ተከፍቷል፣ ዕቃም በጅቡቲ መስመር ይመጣል። ጭነት ሲራገፍ ከሁሉም ጋር በቋንቋው ተግባብታ ቁጥሩን የምታስታርቅ ልጅ እኔ ራሴ ፈልጌ አጥቻለሁ።